የ«ክስ» ትርጉም በሕግ፣ በፊቅህና በሕዝብ አንደበት

መግቢያ



ወደ ኢማሞችና ወደ ኡስታዞች ከሚቀርቡ ጉዳዮች ብዙዎቹ «ክስ» በሚለው ቃል ይጀምራሉ። አንዱ «ክሱን እንዲተውልኝ ለምኑልኝ» ይላል። ሌላዋ «ከስሼው ነበር፤ ሽማግሌ ገባና ተውኩት፤ አሁንስ ምን ላድርግ?» ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ «የተከሰሰ ሰው እንዴት ያሰግደናል?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም በአንድ ቃል ይናገሩ እንጂ የሚናገሩት ስለ ተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው ስለ አንድ ሰው የግል መብት ያስባል፤ ሁለተኛዋ ስለ ፖሊስ አቤቱታ ትናገራለች፤ ሦስተኛው ክስን ከፍርድ ጋር አንድ አድርጎታል።

መልስ ሰጪው እነዚህን ትርጉሞች ሳይለይ ከተናገረ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የተበደለች ሴት በሽምግልና ስም ሐቋን ልታጣ ትችላለች፤ ያልተፈረደበት ሰው በጀማዓ ፊት ወንጀለኛ ሊባል ይችላል፤ የሟች ወይም የታሳሪ ቤተሰብ ሊፈጸም በማይችል ተስፋ ገንዘቡን ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ክስ» የሚለውን ቃል በሦስት ሚዛኖች፣ ማለትም በሕዝብ አነጋገር፣ በአገራችን የወንጀል ሥነ ሥርዓትና በፊቅህ እንመለከተዋለን። ከዚያም ይቅርታና እርቅ በክስ ላይ ያላቸውን ወሰንና ክስ ከፍርድ የሚለይበትን ነጥብ እናብራራለን። ዓላማችን መምህሩና ኢማሙ ለጠያቂው ከመመለሳቸው በፊት «ይህ ክስ የማን ሐቅ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ማገዝ ነው።

1. ቃሉ በሕዝብ አንደበት

አማርኛ «ከሰሰ» የሚለውን ግስ አስፍቶ ይጠቀምበታል። ስለ ወሰን የተጣላ ጎረቤት ቀበሌ ቢሄድ ከሰሰ ይባላል። ባሏ ያስቸገራት ሚስት ለዘመዶቹ ብትናገር ከሰሰችው ይባላል። ገንዘብ ያበደረ ሰው ፍርድ ቤት ቢሄድም፣ የተደበደበ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድም ያው «ከሰሰ» ነው። በገበያ መካከል «እከስሃለሁ!» ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከማስፈራሪያ አያልፍም። ሆኖም ቋንቋችን ለእያንዳንዱ ተግባር የራሱ ስም ስላለው ለይቶ መጠቀም ይቻላል።

ስሞታ ማለት የደረሰን ቅሬታ ለዘመድ፣ ለሽማግሌ ወይም ለኢማም ማሰማት ነው። በራሱ የሕግ ውጤት የለውም፤ ጉዳዩ ግን ብዙ ጊዜ መፍትሔ የሚያገኘው በዚህ ደረጃ ነው።

ጥቆማ ማለት ወንጀል መፈጸሙን ያወቀ ማንኛውም ሰው ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ማሳወቁ ነው። ጠቋሚው ተበዳይ መሆን አይጠበቅበትም።

የግል አቤቱታ ማለት ሕጉ «ተበዳዩ ካላመለከተ አይከሰስም» ባላቸው ወንጀሎች ተበዳዩ ራሱ ወይም በሕግ የሚወክለው ሰው የሚያቀርበው ማመልከቻ ነው።

የፍትሐ ብሔር ክስ ማለት ባለመብቱ የራሱን ገንዘብ፣ ንብረት፣ ውል ወይም ካሳ ለማስከበር በራሱ ስም የሚመሠርተው ሙግት ነው። የጀመረውም፣ ሊተወውም የሚችለው እርሱ ነው።

የወንጀል ክስ ማለት ደግሞ ዐቃቤ ሕግ የምርመራውን መዝገብ አይቶ «ይህ ሰው ይህን የሕግ አንቀጽ ተላልፏል፤ ይህንንም በማስረጃ አስረዳለሁ» ብሎ በሕዝብና በመንግሥት ስም ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይኸኛው ነው።

የሕዝብ አነጋገር አምስቱን በአንድ ቃል ሲጠቀልል ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች ይከተላሉ። አንደኛው «ከሳሹ ተበዳዩ ስለሆነ እርሱ ከተወ ሁሉም ነገር ያበቃል» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ያለ ነገርማ አይከሰስም» የሚለው ሲሆን፣ ክስን በግማሽ እንደ ፍርድ ይቆጥራል። «ወንጀለኛ» የሚለው ቃልም በዚሁ መንገድ ከፍርድ በፊት በሰው ላይ ይለጠፋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ይባል ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የተተካበት ሕግ ግን «የወንጀል ሕግ» ተብሏል። በሕዝብ አፍ ዛሬም የሚሰማው የቀድሞው ስም ነው።

2. የወንጀል ክስ በአገራችን ሥርዓት

«ዐቃቤ ሕግ» የሚለው ስያሜ የግዕዝ ነው፤ ትርጉሙም ሕግ ጠባቂ ማለት ነው። ስያሜው ሥራውን በትክክል ይገልጻል። ዐቃቤ ሕጉ የሚጠብቀው ሕጉን ነው እንጂ የአንድን ሰው ቂም አይደለም። በወንጀል መዝገብ ላይ «ከሳሽ» በሚለው ቦታ የሚጻፈው ዐቃቤ ሕግ ነው። ጉዳት የደረሰበት ሰው «የግል ተበዳይ» ይባላል፤ በአብዛኛው ችሎት የሚቀርበውም በምስክርነት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ «ክሱን አንሣልኝ» የሚለው ልመናም ብዙ ጊዜ ሥልጣን ለሌለው ሰው የሚቀርበው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የቆየው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የጉዳዩን ጉዞ በደረጃ ያስቀምጣል። ጥቆማ ወይም አቤቱታ ይቀርባል፤ ፖሊስ ይመረምራል፤ የምርመራው መዝገብ ለዐቃቤ ሕግ ይደርሳል። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን መዝኖ ይከስሳል ወይም አይከስስም። በአንቀጽ 42 እንደተመለከተው ተከሳሹን ጥፋተኛ ለማሰኘት የሚበቃ ማስረጃ ከሌለ፣ ጉዳዩ በይርጋ ከታገደ ወይም በይቅርታ ወይም በምሕረት የተሸፈነ ከሆነ ክስ አይመሠረትም። እንግዲህ መክሰስ ራሱ ምዘና ያለበት ሥራ ነው፤ ያለ በቂ ማስረጃ ላለመክሰስ መወሰንም የሕግ ጠባቂው ግዴታ ነው።

ክሱ ከቀረበ በኋላ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ይሰማል። ማስረጃው ካልበቃ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበታል። ከበቃ «ይከላከል» የሚል ብይን ይሰጣል። ይህን ብይን ሕዝቡ እንደ ጥፋተኝነት ውሳኔ ይሰማዋል፤ ትርጉሙ ግን «ተከሳሹ መልሱንና መከላከያውን ያቅርብ» ማለት ብቻ ነው። የጥፋተኝነት ውሳኔ የሚመጣው የሁለቱም ወገን ማስረጃ ከተመዘነ በኋላ ነው። የስሞቹ ቅደም ተከተልም ይህንኑ ይከተላል፤ በምርመራ ላይ ያለ «ተጠርጣሪ»፣ ክስ የቀረበበት «ተከሳሽ»፣ ፍርድ ቤት የወሰነበት «ጥፋተኛ»፣ ቅጣት የተጣለበት «ፍርደኛ» ይባላል። ክስ ሲነሣና ተከሳሽ በነፃ ሲለቀቅም ነገሩ አንድ አይደለም። ክሱ ከተነሣ ጉዳዩ ሳይፈረድ ቀርቷል፤ በነፃ ከተለቀቀ ግን ተፈርዷል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የክሱን ዝርዝር በጽሑፍ የማግኘት፣ በጠበቃ የመወከልና በፍርድ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ደንግጓል።

በግል አቤቱታ የሚያስቀጡ ወንጀሎች ግን ከዚህ በተወሰነ መልኩ ይለያሉ። ስድብ፣ ስም ማጥፋትና ቀላል የአካል ጉዳት በዚህ ክፍል ይገኛሉ። በእነዚህ ያለ ተበዳዩ አቤቱታ ክስ አይጀመርም፤ ዐቃቤ ሕግ በማስረጃ ማነስ አልከስስም ሲልም ተበዳዩ የግል ክስ እንዲያቀርብ በጽሑፍ ሊፈቅድለት ይገባል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ በግል ክስ ችሎቱ ክሱን ከማንበቡ በፊት ተከራካሪዎቹን ለማስታረቅ እንዲሞክር ያዝዛል። የእርቅ በር በሕጉም ውስጥ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ኢማሞች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ፤ አቤቱታው በ3 ወር ጊዜ ካልቀረበ መብቱ ያልፋል። «እስቲ ሽማግሌ ይየው» እየተባለ ወራት ከተቆጠሩ እርቁም ሳይሆን፣ ክሱም ሳይቀርብ ተበዳዩ በሁለት መካከል ይቀራል።

የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችንም በተመለከተ ግልጽ መሆን ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ለእነዚህ ፍርድ ቤቶች የሰጠው ሥልጣን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በአሳዳሪነት፣ በውርስ፣ በስጦታ፣ በኑዛዜና በወቅፍ ላይ ነው፤ እርሱም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። የወንጀል ክስ በእነዚህ ፍርድ ቤቶች አይታይም። ለቃዲ ያልተሰጠ ሥልጣን ለመስጊድ ኮሚቴም ሊኖር አይችልም።

3. ክስ በፊቅህ፦ ዳዕዋ፣ ሒስባና ሁለቱ ሐቆች

በፊቅህ ኪታቦች ለክስ የቀረበው ቃል «ዳዕዋ» ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዑስማኒያ መንግሥት የተዘጋጀው የመጀለቱል አሕካም ዳዕዋን አንድ ሰው በዳኛ ፊት ሐቁን ከሌላው መጠየቁ አድርጎ ያብራራዋል። የሐነፊው ሊቅ አል-ቁዱሪ (በ428 ዓ.ሂ. ያረፉ) ከሳሽን ከተከሳሽ የሚለዩት በዚህ ነው፤ ከሳሽ ሙግቱን ቢተው የማይገደድ ሲሆን፣ ተከሳሽ ግን መልስ ለመስጠት ይገደዳል። የሻፊዒይ ፉቀሃእ ደግሞ ከሳሽን ንግግሩ ከግልጹ ሁኔታ ጋር የሚቃረን ሰው አድርገው ያዩታል። ግልጹ ሁኔታ የሰው ነፃነት ስለሆነ፣ ከዚህ ወጥቶ የሚናገር ሰው የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል።

መሠረቱም ኢብኑ ዐባስ ያስተላለፉት፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው፣ የኢማም አን-ነወዊ የአርባ ሐዲሥ ስብስብም የያዘው ታዋቂ ሐዲሥ ነው። መልእክቱ ለሰዎች በክሳቸው ብቻ ቢሰጣቸው የሌሎችን ደምና ሀብት ይጠይቁ እንደነበር ያመለክታል። ስለዚህ ማስረጃ በከሳሽ፣ መሐላ በሚክድ ላይ ሆነ። በየመድረሳው ይህን ሐዲሥ በቃሉ የማያውቅ ደረሳ ጥቂት ነው። ሆኖም በአብዛኛው የምናስተምረው በገንዘብ ሙግት ምሳሌ ስለሆነ ለስምና ለክብርም እንደሚሠራ ይዘነጋል።

የዳዕዋ ትርጉም እንደሚያሳየው ከሳሹ የራሱን ሐቅ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ ስለዚህም ሊተወው ይችላል። በአገራችን የቀድሞ ሙግትም ተበዳዩ ወይም ወገኑ ራሱ ከሳሽ ሆኖ ይቆም ነበር። ሕዝባችን «ክሱን ተውልኝ» የሚለው ከእነዚህ ሁለት ምንጮች የወረሰውን ይዞ ነው፤ በቦታው ትክክል ነበር። ዐቃቤ ሕግ ግን የሚጠይቀው የራሱን ሐቅ አይደለም፤ ለሕዝብ የቆመ ተወካይ ነው። ስለዚህ የዳዕዋ ሕግጋት ሁሉ እንዳሉ ወደ እርሱ አይዛወሩም።

ይህ ሲባል ፊቅህ የሕዝብን ሐቅ አያውቅም ማለት አይደለም። ሊቃውንት ሐቆችን የአላህ ሐቅና የሰው ሐቅ ብለው ይከፍላሉ። የአላህ ሐቅ ሲሉ አላህ ፈላጊ ሆኖ አይደለም፤ እርሱ ከሁሉ የተብቃቃ ነው። ጥቅሙ ለሁሉ የሚዳረስ፣ አንድ ግለሰብ የእኔ ብሎ ሊሸጠው ወይም ሊተወው የማይችል መሆኑን ለማመልከት ነው። ብዙ ጉዳዮች ሁለቱንም ሐቆች ይይዛሉ፤ የሊቃውንቱ ክርክርም የትኛው ያመዝናል በሚለው ላይ ነው።

አል-ማወርዲ (በ450 ዓ.ሂ. ያረፉ) በአል-አሕካም አስ-ሱልጧኒያ ኪታባቸው ሒስባን ከቃዲነት ጋር ሲያነጻጽሩ ለጉዳያችን የሚጠቅም ልዩነት ያሳያሉ። ቃዲ የሚሰማው ከሳሽ ሲመጣ ነው። ሙሕተሲብ ግን በአደባባይ የወጣ ጥፋት ሲያይ ከሳሽ ሳይጠብቅ ይነሣል፤ የተካደና ማስረጃ የሚያስፈልገው ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ለቃዲ ይተዋል። ከሳሽ ሳይጠብቅ ለሕዝብ ጥቅም መነሣት ዛሬ ከዐቃቤ ሕግ ሥራ ጋር የሚመሳሰልበት ነጥብ ነው። ነገር ግን ሁለቱን አንድ ማድረግ ስሕተት ነው። ሙሕተሲብ በገሃድ የታየን ጥፋት ራሱ ያርማል፤ ዐቃቤ ሕግ ግን የተሰወረውንም በምርመራ ተከታትሎ ውሳኔውን ለዳኛ ይተዋል። በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 የተከለከለው የሰውን ነውር መሰለልም ለሙሕተሲብ ወሰን ሆኖ ይጠቀሳል።

ዘመናዊው የዐቃቤ ሕግ ተቋም ወደ ሙስሊም አገሮች የገባው በሕግ ማሻሻያ ነው። በግብፅ እ.ኤ.አ. በ1883 ብሔራዊ ፍርድ ቤቶች ሲቋቋሙ የፈረንሳይን ሥርዓት ተከትሎ «አን-ኒያበቱል ዓማ» ሥራ ጀመረ። በሳዑዲ ዓረቢያ የምርመራና የክስ አካል በ1409 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1989) ተቋቁሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ስም ያዘ። ቃሉ «የሕዝብ ውክልና» ማለት ነው፤ ከሳሹ ለሌላው የቆመ መሆኑን የዓረብኛው ስያሜ በግልጽ ይናገራል።

4. ይቅርታና እርቅ እስከ የት ይደርሳሉ?

የይቅርታን ወሰን ከሚያሳዩ ዘገባዎች አንዱ የሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ ታሪክ ነው፤ በሙወጧእ፣ በአቡ ዳውድና በነሳኢ ተዘግቧል። ሰፍዋን በመስጊድ ልብሱን ተንተርሶ ተኝቶ ሳለ ሌባ ወሰደበት፤ ሌባው ተይዞ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀረበ። ቅጣቱ ሲታዘዝ ሰፍዋን አዘነና ልብሱን ለሌባው እንደተወለት ተናገረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ወደ እርሳቸው ከማምጣቱ በፊት ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት። የመኽዙም ጎሣ ሴት በሰረቀች ጊዜም ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ ሊያማልድ ሲሞክር ምልጃው ተቀባይነት አላገኘም፤ ይህ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል።

ከእነዚህ ዘገባዎች ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጉዳዩ ለሥልጣን ከመድረሱ በፊት ተበዳዩ የራሱን ሐቅ ይቅር ማለቱ የተፈቀደና የተወደደ ነው። ሁለተኛ፣ ከደረሰ በኋላ የሕዝብ ሐቅ ስለተቀላቀለበት የአንድ ሰው ይቅርታ ብቻውን አይዘጋውም። አል-ማወርዲ ከሐድ በታች በሆኑ ቅጣቶችም ተበዳዩ ይቅር ካለ በኋላ ሥልጣን ላይ ያለው አካል የማረም ሐቁ ይቀራል ወይስ አይቀርም በሚለው ላይ ልዩነት መኖሩን ይጠቅሳሉ። ማሊኪዮች ደግሞ ሆን ብሎ የገደለ ሰው በወራሾች ይቅር ቢባል እንኳ ያለ ተግሣጽ አይተውም ይላሉ። የሕዝብ ሐቅ የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ከውጭ የመጣብን እንግዳ ነገር አይደለም።

ፊቅህና የአገሪቱ ሕግ የሚለያዩበትንም መደበቅ አይገባም። በግድያ ጉዳይ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 178 መሠረት ይቅርታው የሟች ወራሾች ነው፤ በፊቅህ ቂሳስ በአመዛኙ የሰው ሐቅ ሆኖ ይታያል። በወሎ አበጋሮችና የሃይማኖት አባቶች ደም ሲያደርቁ የሚቆሙት በዚህ ዓይነት መሠረት ላይ ነው። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግን ግድያ በዐቃቤ ሕግ የሚከሰስ ወንጀል ነው፤ የወራሾች እርቅ ክሱን አያቋርጠውም። ታዲያ እርቁ ዋጋ የለውም? አለው። የበቀልን ሰንሰለት ይበጥሳል፤ በአላህ ዘንድ ለይቅር ባዩ ምንዳ ያስገኛል፤ የካሳውን ጉዳይ ይፈታል። ጥፋተኛው መጸጸቱን በተግባር ማሳየቱና ጉዳቱን መካሱም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ይቆጠራል። ኢማሙ ለቤተሰቡ ሊነግረው የሚገባው ይህንን ነው። «ታረቁ፤ ሰውየው ይፈታል» ማለት ግን በእጁ የሌለውን ቃል መግባት ነው።

ከሁሉ የከበደው በሴቶችና በልጆች ላይ የሚፈጸም ጥቃት ነው። ሴት ልጅ ስትደፈር ወይም ስትጠለፍ ሽማግሌዎች ለቤተሰቡ «ክብር» ሲሉ በገንዘብ ወይም በጋብቻ ሊዘጉት ይሞክራሉ፤ ኒካሑን እንዲያስር የሚጠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢማሙ ነው። የቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የተጠለፈችውን ቢያገባት ከክስ የሚድንበት መንገድ ነበረው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ይህን ዘግቷል፤ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ የወንጀል ተጠያቂነትን አያስቀርም። በፊቅህም ቢሆን እዚህ ላይ ይቅር ሊባል የሚችል ሐቅ ካለ የልጅቱ ነው፤ የአጎቶቿ፣ የሽማግሌዎቹ ወይም የኢማሙ አይደለም። በፍርሃትና በግፊት የተገኘ ዝምታ ይቅርታ አይባልም። ምስክሮችን «አላየንም በሉ» ማለት ደግሞ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 283 የተወገዘውን ምስክርነትን መደበቅ ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። መዝገብ ለማዘጋት የሚታሰር ኒካሕ ሲቀርብለት ኢማሙ «አልችልም» ማለት ይጠበቅበታል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖቻችን ጉዳይም ወደዚሁ ይመራናል። በሳዑዲ ዓረቢያ የታሰረ ሰው ቤተሰብ «ባለደሙ ተናዙል ካደረገ ልጃችን ይመጣል» ብሎ ገንዘብ ለማሰባሰብ ወደ መስጊድ ይመጣል። በዚያ አገር ሥርዓት «አል-ሐቅ አል-ኻስ» የተበዳዩ ወይም የወራሾቹ የግል ሐቅ ነው፤ «አል-ሐቅ አል-ዓም» ደግሞ ዐቃቤ ሕግ የሚጠይቀው የሕዝብ ሐቅ ነው። ወራሾች ዲያ ተቀብለው ወይም ያለ ዲያ ይቅር ሲሉ የሚወድቀው የመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው ታሳሪው እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ዲያ ሕይወትን ከሞት ቅጣት ሊያተርፍ ስለሚችል መዋጮው ታላቅ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ሰው ሲያዋጣም፣ ቤተሰቡ ሲጠብቅም ምን ሊገኝ እንደሚችል አስቀድሞ በትክክል ሊነገረው ይገባል።

5. ክስ ፍርድ አይደለም

አሁን ወደ ሦስተኛው ጠያቂ እንመለስ፤ «የተከሰሰ ሰው እንዴት ያሰግደናል?» ላለው።

ሸሪዓ ለሰው ስም የሰጠው ጥበቃ ጥብቅ ነው። በሱረቱን ኑር አንቀጽ 4 ጥብቅ ሴቶችን በዝሙት ወንጅለው አራት ምስክር ላላመጡ 80 ግርፋት ተደንግጎባቸዋል፤ ምስክርነታቸውም ውድቅ ይሆናል። ማስረጃ ያላቀረበ ከሳሽ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ሁኔታ አለ ማለት ነው። በአገራችን ሕግም ንጹሕ ሰው መሆኑን እያወቁ በሐሰት መወንጀል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የፊቅህ መሠረተ ሐሳብም ሁለት ነገር ያስተምራል፤ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም፤ የሰው ልጅ በመነሻው ከዕዳ ነፃ ነው። ስለዚህ የአንድ ኢማም ዐዳላ በታወቀበት ሁኔታ ይቀጥላል፤ ክስ መቅረቡ ብቻ ፋሲቅ አያሰኘውም። «ያለ ነገርማ አይከሰስም» የሚለው አነጋገር ከዚህ መሠረት ጋር አይስማማም።

ኢብኑል ቀይም (በ751 ዓ.ሂ. ያረፉ) በአጥ-ጡሩቅ አል-ሑክሚያ የተጠረጠሩ ሰዎችን በሦስት ይከፍላሉ፤ በመልካምነት የታወቀ፣ በክፋት የታወቀ፣ ሁኔታው ያልታወቀ። ይህ ክፍፍል ለመርማሪው ጥንቃቄን የሚያስተምር ነው። ወደ ጀማዓ ወሬ ሲወርድ ግን «እርሱማ ድሮም የታወቀ ነው» ለማለት መሣሪያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ያም ሆኖ ተከሳሽን እንደ ጥፋተኛ አለመቁጠርና አደጋን መከላከል አይጋጩም። አንድ ኡስታዝ በደረሳ ልጆች ላይ ጉዳት በማድረስ ተከስሷል እንበል። ጉዳዩ እስኪለይ ልጆችን ከማስተማር ገለል ቢደረግ አልተፈረደበትም፤ ጉዳትን አስቀድሞ መከላከልና ወደ ጥፋት የሚወስድን መንገድ መዝጋት በፊቅህ የታወቁ መርሆች ናቸው። ኮሚቴው ሲያስታውቅም «ጉዳዩ በሕግ ተይዟል፤ እስኪለይ ሌላ መምህር ተተክቷል» ማለቱ ይበቃል። ከዚህ አልፎ «ወንጀለኛ» ማለት ሐራም ነው። በተቃራኒው ደግሞ «ኡስታዛችን ይህን አያደርግም፤ ልጁ ዋሽቷል» ማለትም ያለ ማስረጃ መፍረድ ነው፤ እዚህ ላይ የሚወነጀለው ልጁ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐሊይን ለዳኝነት ወደ የመን ሲልኩ የሁለተኛውን ወገን ሳይሰማ እንዳይፈርድ የሰጡት መመሪያ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል፤ ለዳኛ የታዘዘው ጥንቃቄ ዳኛ ላልሆነው ይበልጥ ይገባዋል።

6. ለኢማሙና ለመምህሩ

ከላይ ከቀረበው በመነሣት ጉዳይ ሲመጣ በዚህ ቅደም ተከተል ማየትን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ጠያቂው «ክስ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ይጠየቅ። ስሞታ ነው? አቤቱታ ነው? የገንዘብ ሙግት ነው? ወይስ ዐቃቤ ሕግ የመሠረተው መዝገብ ነው? ብዙ ጊዜ ጠያቂው ራሱ አይለየውም፤ በእጁ ያለውን መጥሪያ ማየት ይረዳል። «ከሳሽ» በሚለው ቦታ የተጻፈው ስም መልሱን ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ ሐቁ የማን እንደሆነ ይለይ። የግል ሐቅ በሆነው ጉዳይ ሱልህ የተወደደ ነው፤ ኢማሙም በዚህ ሊተጋ ይገባል። የ3 ወሩ ጊዜ እንዳያልፍ ግን ለተበዳዩ አስቀድሞ ይነገረው።

ሦስተኛ፣ የሕዝብ ሐቅ በሆነው ጉዳይ እርቁ ልብን ለማስታረቅና ካሳን ለመፍታት ይሁን። ጥቃት የደረሰባት ሴት ወይም ልጅ ካለ የመጀመሪያው ሥራ ደህንነቷን መጠበቅ፣ ወደ ሕክምናና ወደ ፖሊስ እንድትደርስ ማገዝ ነው። ማስረጃ በጊዜ ካልተያዘ ይጠፋል፤ የጠፋ ማስረጃ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉን «አልከስስም» ያሰኛል።

አራተኛ፣ በሚንበር ላይ በክርክር ላይ ያለ ጉዳይ በስም አይነሣ። ስለ በደል ማስተማር ግዴታ ነው፤ ሰውን በስም ጠርቶ መፈረጅ ግን የዳኛን ሥራ መውሰድ ነው።

አምስተኛ፣ በመድረሳ የቀዳእን ምዕራፍ ስናስተምር የዳዕዋን ትርጉም ከዛሬው የወንጀል ክስ ጋር አነጻጽረን እናስረዳ። ደረሳው ነገ በመንደሩ ሽማግሌ መሆኑ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚፈርደው ዛሬ በሚማረው ልክ ነው።

መደምደሚያ

«ክስ» በሕዝብ አንደበት ሰፊ፣ በሕግ ጠባብ የሆነ ቃል ነው። በፊቅህ ዳዕዋ የባለሐቁ ጥያቄ ነው፤ የሕዝብ ሐቅ ግን ከባለሐቁ ይቅርታ በላይ የሚሄድበት ቦታ እንዳለ ሊቃውንት ከጥንት ለይተውታል። የዛሬው ዐቃቤ ሕግ የቆመው በዚህ ሁለተኛው ቦታ ነው። ተበዳዩ የራሱን ሐቅ ይቅር ሊል ይችላል፤ የሌላውን ሐቅ ግን ማንም በእርሱ ፋንታ ይቅር ሊል አይችልም። ክስ የቀረበበትም ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ክብሩ በሙስሊሞች ላይ ሐራም ነው። ኢማሙ እነዚህን ለይቶ ሲመልስ የተበደለ ሰው ሐቁን አያጣም፤ የተጠረጠረም ያለ ፍርድ አይዋረድም።

ወላሁ አዕለም።